ከሦስት ልጆች ጋር ወደ ሰሜን፦ የቱን ይያዙ፣ የቱን ይተዉ?

ጥያቄው፦ «የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። የ11 ዓመት ሴት፣ የ7 ዓመት ወንድ እና የ4 ዓመት ሴት ልጆች አሉን። በጥር መጨረሻ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ለሰባት ቀን ወደ ሰሜን ልንወስዳቸው አስበናል። እናቴም አብራን ትሄዳለች። ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ የሰሜን ተራሮች፣ ላሊበላና አክሱም ብለን ይዘናል። ችግሩ፣ አምና አንድ ታሪካዊ ቦታ ወስደናቸው ገና ከበሩ ‹መቼ ነው የምንመለሰው?› ማለት ጀመሩ። ልጆች የሚደሰቱበት ነገር ሰሜን ላይ አለ ወይ? ከየት እንጀምር?»

እህቴ፣ አለ፤ ሞልቷል። ግን መጀመሪያ ዝርዝርዎን እንቁረጠው።

አምስት ቦታ በሰባት ቀን ሲሆን ልጆች የሚተርፋቸው የመኪና መስኮትና የሆቴል ኮሪደር ነው። በአስጎብኚነት ብዙ ቤተሰብ ይዤ ዞሬያለሁ። ያልተሳካ ጉዞ ሁሌ ይመሳሰላል። አባት «እዚህ ድረስ መጥተን ይቺን ሳናይ?» ይላል። እናት የትንሿን ጫማ ለአሥረኛ ጊዜ ታስራለች። አስጎብኚው ዓመተ ምሕረት ይደረድራል። ልጁ ደግሞ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሎ ጉንዳን ያያል። ድሮ እንዲህ ያለውን ልጅ «ተነስ፣ ወደዚህ ና» እል ነበር። አሁን አብሬው ቁጢጥ እላለሁ። አምስት ደቂቃ ከጉንዳኑ ጋር ካሳለፍን በኋላ ቤተ መንግሥቱን በደንብ ያየዋል።

ልጆች የሚሠራ ነገር ይፈልጋሉ። የሚነካ፣ የሚቆጠር፣ ተፈልጎ የሚገኝ። ስለዚህ የእኔ ምክር ይሄ ነው፦ ባሕር ዳር ሦስት ሌሊት፣ ጎንደር ሦስት ሌሊት፣ በቃ። በቀን አንድ ትልቅ ነገር፣ እሱም ከምሳ በፊት። ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ፣ የሆቴል መዋኛ፣ ብስክሌት። ላሊበላና አክሱም የትም አይሄዱም። ትንሿ ልጅዎ ስምንት ዓመት ሲሞላት ይመለሱባቸው፤ ያን ጊዜ የላሊበላን ጨለማ ዋሻ ግድግዳውን እየዳበሰች ስታልፍ ትደሰታለች። አሁን ብትገባ ታለቅሳለች፣ እርስዎም ይሸከሟታል።

ስለ መንገዱ በግልጽ ላውራ። ከ2015 ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው የፀጥታ ሁኔታ የየብስ ጉዞን አስቸጋሪ አድርጎታል፣ ነገሩም ከሳምንት ሳምንት ይለዋወጣል። ልጆች ይዘው ከአዲስ አበባ በመኪና እንዲነሱ አልመክርም። አውሮፕላኑ ባሕር ዳርም ጎንደርም አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 180 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ግን በመኪና ነው። ከመሄድዎ በፊት በነበረው ቀን ለሆቴሉም ለአስጎብኚውም ለየብቻ ይደውሉ። ሁለቱም «ሰላም ነው» ካሉ በጠዋት ይነሱ፣ ከምሳ በፊት ይድረሱ። አንዱ እንኳ ካመነታ ይተዉት። አንዱን ከተማ መርጦ ሳምንቱን እዚያው መጨረስ ምንም ነውር የለውም። ባሕር ዳር ብቻውን ለልጆች አምስት ቀን ይበቃል።

ከባሕር ዳር እንጀምር። ለልጅ የተመቸ ከተማ ነው። ሜዳ ነው፣ ዛፍ አለው፣ ብስክሌት አለው። የአዲስ አበባ ልጅ ብስክሌት ግቢ ውስጥ ነው የሚነዳው። እዚህ የ11 ዓመቷ ልጅዎ በዘንባባዎቹ ጥላ፣ በሐይቁ ዳር መንገድ ላይ ስትነዳ ያዩዋታል። ብስክሌት የሚያከራዩ አሉ፤ ፍሬኑን ራስዎ ይሞክሩት እንጂ «ይሠራል» ያሉዎትን አይመኑ። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል። ወደ ማታ አየሩ ሲቀዘቅዝ በእግር መሻገር ደስ ይላል። የ7 ዓመቱን ልጅ እርምጃውን እንዲቆጥር ይንገሩት። ስንት እርምጃ እንደሆነ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ያወራላችኋል።

ትልቁ ነገር ግን ጣና ነው። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ጀልባ ይያዙ። ጠዋት ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባዋን ይንጣታል። ከሰዓት ወጥቶ ያላስታወከ ልጅ ብዙ አላየሁም። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ተነስተው እስከ ስድስት ሰዓት መመለስ ጥሩ ነው።

ሕይወት አድን ጃኬት ላይ ድርድር የለም። «አለ?» ብለው ብቻ አይጠይቁ፣ አለ ነው የሚሉት። ያለው ግን ብዙ ጊዜ የትልቅ ሰው ነው፤ የ4 ዓመት ልጅ ውሃ ውስጥ ብትወድቅ ከሥሩ ሹልክ ትላለች። የልጅ ልክ መሆኑን ከቀኑ በፊት ሄደው በዓይንዎ ይዩ። አልብሰው ትከሻው ላይ ይዘው ወደ ላይ ይሳቡት። ጆሮዋ ድረስ ከወጣ አይሆንም። አንድ ጊዜ እኔ ይዤው የሄድኩት ቤተሰብ ጃኬቱ ትልቅ ሆኖ ስለተገኘ ጉዞውን ወደ ማግስቱ አዛወርነው። ባለ ጀልባው አኩርፎኝ ነበር። ይኩርፍ።

የት ይሂዱ? ጣና ላይ 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። ሁሉን የማየት ሐሳብ ካለ አሁኑኑ ይተዉት። ወደ ሐይቁ ገባ ያለው ልሳነ ምድር ዘጌ ይሂዱ፣ አንድ ገዳም ይዩ፣ ይመለሱ። ክብራን ገብርኤል ሴት ስለማይገባበት እናትዎ፣ እርስዎና ሁለቱ ሴት ልጆች ውጭ ትቀራላችሁ። የዘጌዋ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ሁላችሁንም ትቀበላለች። ጀልባው አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከወረዱ በኋላ በቡና ጫካ ውስጥ ጥቂት በእግር ነው። የዘጌ ሰው በልማድ በሬ ጠምዶ አያርስም። ጫካው የተረፈውም ለዚህ ነው። ጥር ላይ ከሆነ በየደጁ ቡና ተሰጥቶ ያገኛሉ። ልጆቹ ቀዩን ፍሬ ጨመቅ አድርገው ከውስጡ ሁለቱን ፍሬዎች ያውጡ። «ይሄ ነው እማማ የምትቆላው?» ማለታቸው አይቀርም። ጦጣዎቹን ግን ይጠንቀቁ፣ ሙዝ በእጅ የያዘ ልጅ አይምሩም።

ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ነው ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው። ልጁን ዝም በል እያሉ አስጎብኚው ስለ ክፍለ ዘመን ሲያስረዳ ይቆማሉ። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ የዓለም ትልቁ የሥዕል መጽሐፍ ብለው ይንገሯቸው። ከዚያ አንድ ምስጢር ይንገሯቸው። በእኛ አገር የጥንት ሥዕል ደግ ሰው ሁለት ዓይን አለው፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ነው የሚሣለው። ክፉ ሰው በጎን ነው የሚሣለው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። «አንድ ዓይናዎቹን ፈልጉ» ይበሏቸው፣ በሹክሹክታ። ግማሽ ሰዓት ጸጥ ብለው ሲዞሩ ያያሉ። ከዚያ ነጭ ፈረስ ያለውን ቅዱስ ጊዮርጊስን ይፈልጉ።

የበላዔ ሰብእም ሥዕል አለ፤ ሰው የበላው፣ በኋላ ግን በእመቤታችን ስም ለአንድ ምስኪን ጥርኝ ውሃ ሰጥቶ የዳነው። ይህን ታሪክ ለእናትዎ ይተዉላቸው። አስጎብኚ ከሚነግራቸው አያት ሲነግሯቸው ይለያል። እኔ አንዲት አያት ነፍሱ የተመዘነችበትን ሚዛን በእጃቸው እያሳዩ፣ አንዱን መዳፍ ከፍ አንዱን ዝቅ እያደረጉ፣ ጥርኟ ውሃ እንዴት እንደከበደች ሲተርኩ ሰምቻለሁ። ከእኛ ቡድን ውጪ የነበሩ ሰዎች ሁሉ ተሰብስበው ነው ያዳመጡት። ትንሿ ልጅዎ ከፈራች ግን ወደ ቡና ጫካው ይዘዋት ይውጡ።

ሲመለሱ ባለ ጀልባውን ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል እንዲያዞራችሁ ይጠይቁት። ጉማሬ ካለ እዚያ ነው። ዕድል ካልቀናችሁ ሁለት ጆሮና ሁለት የአፍንጫ ቀዳዳ ታያላችሁ፣ ከቀናችሁ ማዛጋቱን። ጀልባው በጣም እንዲጠጋ አይጫኑት። ጉማሬ ቀልድ አያውቅም። ፔሊካኖቹ ግን እንደልብ ናቸው።

ታንኳውን ደግሞ እንዳያልፉት። ደንገል የሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በእስር በእስር ታስሮ ጀልባ ይሆናል። ምስማር የለ፣ እንጨት የለ ማለት ይቻላል። ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ብዙ ወር አያገለግልም፣ ሲያረጅ ሌላ ይሠራል። የሚሠሩ ሰዎች ካገኙ ትንሽ ከፍለው ልጆቹ አጠገባቸው እንዲቀመጡ ይለምኑላቸው። ባለሙያው በጉልበቱ እስሩን ተጭኖ ገመዱን በጥርሱ ይዞ ሲስበው ደንገሉ «ጭር» ይላል። ያቺን ድምፅ ልጅ አይረሳትም። ክንድ የምታህል መጫወቻ ታንኳም ይሸጣሉ። ይግዙላቸው፣ ማታ በሆቴሉ ሳፋ ላይ ያንሳፍፏት። ስንት የውሃ ጠርሙስ ክዳን ብትሸከም ነው የምትሰምጠው? የ7 ዓመት ልጅ በዚህ ብቻ አንድ ምሽት ያልፋል።

ሳፋ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ልጆች ሐይቁ ዳር እግራቸውን አያስገቡ። ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ። ጥገኛ ተውሳኩ ጥልቀት በሌለው ውሃ፣ ሣርና ቀንድ አውጣ ባለበት ነው የሚገኘው፣ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ አይተው «እኛስ?» ይላሉ። መልሱ የሆቴል መዋኛ ነው። የከተማዋ ከፍታ 1,800 ሜትር ብቻ ስለሆነ ወባም አለባት፤ አጎበር ያለው አልጋ ይጠይቁ፣ ከመሸ በኋላ ረጅም እጅጌ ያልብሷቸው።

ጢስ ዓባይን ሁሉም ሰው ስለሚጠይቀኝ ልመልስ። ጥር ላይ ለልጆች አልመክረውም። ከውሃው ብዙው ለኤሌክትሪክ ማመንጫ ስለሚሄድ በበጋ ፏፏቴው ቀጭን ነው። መስከረምና ጥቅምት ቢሆን ኖሮ «ሩጡ» እል ነበር። ልጆች በፎቶ ያዩትን ጢስ ጠብቀው ሄደው ክር የሚያህል ውሃ ሲያዩ የሚያሳዩት ፊት ያሳዝናል። ድሮ የተሠራውን የድንጋይ ድልድይና የሚወዛወዘውን ተንጠልጣይ ድልድይ ለማየት ብቻ ከሆነ ይሁን፣ ግማሽ ቀን ይበቃል።

በእሱ ፋንታ፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ እንጅባራ ይሂዱ ባይ ነኝ። ከባሕር ዳር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊዜውም ገጥሞላችኋል፤ ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ነው። ያጌጠ ፈረስ፣ ግልቢያ፣ ጉግስ። ለ7 ዓመት ወንድ ልጅ ከዚህ በላይ ምን አለ? ሕዝቡ ግን ብዙ ነው። ትንሿን ትከሻ ላይ፣ ትልልቆቹን በእጅ፣ ከግልቢያው ሜዳ ራቅ ብሎ ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቆም ነው። ከከተማዋ አለፍ ብሎ ዘንገና ሐይቅ አለ። ክብ ነው፣ በዛፍ የተከበበ፣ እሳተ ገሞራ የፈጠረው። ለ11 ዓመቷ ልጅ ይህን እንቆቅልሽ ይስጧት፦ የጣና ዳርቻ አይታይም፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 15 ሜትር ገደማ ነው። ዘንገናን ባንድ እይታ ትጨርሺዋለሽ፣ ጥልቀቱ ግን ከ150 ሜትር በላይ ነው። ለምን? ወዲያው «እሳተ ገሞራ!» ካለች አይስክሬም ይገባታል።

አሁን ወደ ጎንደር። መንገዱ የሚያልፈው በፎገራ ሜዳ ነው። ልጆች በየቀኑ ሩዝ ይበላሉ፣ ከየት እንደሚመጣ ግን አያውቁም። ፎገራ የሩዝ አገር ነው። ወረታ ላይ ቆም ብላችሁ የተከመረ ገለባ ወይም መፈልፈያ ወፍጮ ካገኛችሁ ያሳዩአቸው፤ ከነገለፈቱ አንድ እፍኝ ሩዝ መዳፋቸው ላይ ያድርጉላቸው፣ በጥፍራቸው ይፈልፍሉት። ከአዲስ ዘመን ከተማ ካለፋችሁ በኋላ ደግሞ መሬቱ ይቆማል። አንድ ቋጥኝ ብቻውን እንደ ጣት ወደ ሰማይ ተቀስሮ ታያላችሁ። መጀመሪያ ያየ አንድ ከረሜላ።

የፋሲል ግቢን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ይግቡበት፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። እዚያ ልጅ መሮጥ ይችላል፣ ሣር አለ፣ ዛፍ አለ፣ በግንብ የታጠረ ስለሆነ አይጠፋም። ነገሩን እንደ ተረት ነው የምነግራቸው። አፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ እዚህ ከተሙ፣ ግንብ ሠሩ። ልጃቸው ዮሐንስ «እኔም የራሴን» አሉ። የልጅ ልጃቸው ኢያሱም «እኔም»። ከዚያ ዳዊት፣ በካፋ፣ ምንትዋብ። ማንም የአባቱ ቤት አልበቃው አለ። ልጆቹ ሁሉንም ዞረው አንዱን «የእኔ» ብለው ይምረጡና ለምን እንደመረጡ ይናገሩ። ወንዶቹ አብዛኛውን ጊዜ የአንበሳ ቤቱን ነው የሚመርጡት። አዎ፣ ግቢው ውስጥ አንበሳ ይጠበቅ ነበር፣ ማደሪያው አሁንም አለ። የእንፋሎት መታጠቢያው ቤትም ያስቃቸዋል፣ «ንጉሥም ይታጠባል?» ይላሉ። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፤ ደረጃዎቹ ብዙ ቦታ መደገፊያ የላቸውም። የ4 ዓመቷ ልጅ ሰው እጇን ሳይዛት ፎቅ ላይ አትውጣ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ የዓይን ጨዋታው ይቀጥላል። ጣሪያው ከመቶ በላይ የመላእክት ፊት አለው። ሁሉም ዓይናቸው ትልቅ፣ ሁሉም የሚያዩት አንተን ይመስላል። ልጆቹን ምንጣፉ ላይ ቁጭ አድርገው ቀና እንዲሉ ይፍቀዱላቸው፤ ሠላሳ ላይ ሲደርሱ ይጠፋባቸዋል፣ እንደገና ይጀምራሉ። ውጭ ቅጥሩ ላይ አሥራ ሁለት ክብ ማማዎች አሉ፣ ለአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት። ይቁጠሯቸው። ስለ ንቦቹም ይንገሯቸው፤ በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይህችን ለማቃጠል ሲመጡ የንብ መንጋ ወጥቶ አባረራቸው ይባላል። እኔ ይህን ስነግር አንድ ልጅ «ንቦቹስ አሁን የት ናቸው?» ብሎ ጣሪያውን ሲያስስ ቆየ። ፎቶ በፍላሽ አይነሳም፣ ቀለሙን ይጎዳል።

የፋሲል መዋኛ የሚባለው ጥምቀተ ባሕር ከከተማው መሐል ሁለት ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የግንቡን ግድግዳ የዛፍ ሥሮች እንደ ዘንዶ ጠምጥመው ይዘውታል። ልጆች ሥሩን በጣት እየተከተሉ ድንጋዩ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ይፈልጋሉ። ገንዳው ለጥምቀት ነው የሚሞላው፣ ጥር 11። እናንተ ከበዓሉ በኋላ ስለምትሄዱ ውሃ ሊኖር ይችላል፣ ጠርዙ ደግሞ አጥር የለውም። ለራሱ ለጥምቀት ይዘናቸው እንሂድ ወይ ብለው ለከርሞ ካሰቡ፣ ለ11 ዓመቷ አዎ፣ ለ4 ዓመቷ አይሆንም። ግፊያው ለትልቅ ሰውም ይከብዳል። እሷ በከተራው ዕለት ታቦታት ሲወርዱ መንገድ ዳር ሆና ብታይ ይበቃታል።

አሁን ስለምወደው ቦታ። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ደባርቅ ነው፣ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በር። ላሊበላና ሰሜን ተራሮች እ.ኤ.አ. በ1978 ዩኔስኮ መጀመሪያ ከመዘገባቸው 12 የዓለም ቅርሶች ውስጥ ናቸው። ይህን ለልጆች አልነግርም፣ ለእርስዎ ነው። ለልጆቹ «ሣር የሚበላ ዝንጀሮ ልናይ ነው» ማለት ይበቃል።

ደርሶ መልስ ይሁን፣ እዚያ አትደሩ። ደባርቅ ራሷ ወደ 2,800 ሜትር ናት፣ ጭላዳዎቹ፣ ማለትም ሣር በል ዝንጀሮዎቹ፣ ያሉበት ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ሕመም ሲመጣ ትልቅ ሰው «ራሴን አመመኝ» ይላል፣ የ4 ዓመት ልጅ ግን አትናገርም። ምግብ እምቢ ትላለች፣ ትነጫነጫለች፣ ታስታውካለች። እንዲህ ካደረገች «ትለምደዋለች» ብሎ መጠበቅ የለም፣ ወዲያው መውረድ ነው። በቀን ወጥቶ ጎንደር ተመልሶ ማደር ለአብዛኛው ልጅ አይከብድም። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ይነሱ፣ ደባርቅ ላይ ተመዝግባችሁ ስካውት፣ ማለትም የፓርኩ ጠባቂ፣ ይመደብላችኋል። ስካውቱ ጠመንጃ ይይዛል። ቀድመው ለልጆቹ ይንገሯቸው፣ እንዳይደነግጡ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የወንዱ ልጅ የቅርብ ጓደኛ እሱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ጭላዳዎች ብዙ ጊዜ ከቡይት ራስ እስከ ሳንቃበር ባለው መንገድ ነው የምናገኘው። አንዳንዴ መቶዎች ሆነው። መኪናውን ራቅ አድርጋችሁ ትወርዳላችሁ፣ በቀስታ ትጠጋላችሁ፣ አሥራ አምስት እርምጃ ሲቀር ቁጭ ትላላችሁ። ቁጭ ማለቱ ነው ዋናው። ቆሞ ያየ ልጅ ሁለት ደቂቃ አይቶ ይሰለቸዋል። ቁጭ ሲል መጀመሪያ ድምፁን ይሰማል፤ ሣር ሲነጭ፣ «ቅጭ ቅጭ ቅጭ»፣ በሁለት እጅ፣ በፍጥነት፣ እንደ ሹራብ ሠሪ። ጥር ላይ ሣሩ ስለሚደርቅ በጣታቸው መሬቱን ይቆፍራሉ፣ ሥር አውጥተው አፈሩን አራግፈው ይጎርሳሉ። ተነስተው አይሄዱም፣ በቂጣቸው እየተንሸራተቱ ነው ወደሚቀጥለው ሣር የሚሻገሩት። ልጆች በዚህ ይስቃሉ፣ ወዲያው ይኮርጁታልም።

የወንዱ ደረት ላይ ያለችውን ቀይ ቦታ ይጠይቁዎታል፣ ሴቷም አላት። ትልቁ ወንድ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን ካሳየ «ፈገግ አለ» እንዳይሉ። «ራቁ» ማለቱ ነው። ዓይንዎን ዝቅ አድርገው ወደ ኋላ ይበሉ። ምግብ አይስጧቸው፣ ብስኩትም ቢሆን። ማታ የት እንደሚተኙ ይንገሯቸው፦ ገደሉ ላይ፣ ጅብ በማይደርስበት ጠርዝ።

ገደሉ ነው እኔን የሚያስጨንቀኝ። አንዳንዱ ቦታ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፣ ሣሩ እስከ ጠርዙ ሄዶ ድንገት ያበቃል። አንድ ትልቅ ሰው ለአንድ ልጅ፣ እጅ ለእጅ። እናንተ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ናችሁ፣ ሦስት ልጆች፤ ሒሳቡ ይሞላል፣ ግን እናትዎ ከትልቋ ጋር ይሁኑ። ባለቤትዎ ፎቶ ማንሳት ይወዳል ከተባለ ካሜራው ለስካውቱ ይሰጥ።

ዋልያስ? ብሔራዊ ቡድናችን በስሙ የሚጠራበት ዋልያ የሚኖረው እዚያው ነው፣ ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ወደ ላይ፣ ጭንቅ በሚባለው ቦታ በኩል ነው፣ 3,600 ሜትር። ለዚህ ጉዞ ይለፋችሁ። አጥንት ከሰማይ እየጣለ ድንጋይ ላይ የሚሰብረውን ትልቅ አሞራ ግን ልታዩት ትችላላችሁ። ክንፉ ጥላ ጥሎባችሁ ሲያልፍ ሁሉም ሰው ዝም ይላል።

ስለ ልብስና ስለ ሆድ በአጭሩ። ተራራው ላይ ጠዋት ብርዱ ያንቀጠቅጣል፣ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ኮፍያ፣ ሹራብ፣ የፀሐይ ክሬም። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ጫማ ስለሚወለቅ ክር የሌለው ጫማና ወፍራም ካልሲ ያልብሷቸው። ለተቅማጥ የሚበጠበጠውን ኦአርኤስ ከአዲስ አበባ ይያዙ። ባሕር ዳር ዓሣ ትበላላችሁ፣ መቼም፤ ለልጆቹ ግን ፊሌቶ ይዘዙ፣ ሙሉው ዓሣ እሾህ አለው። ለ4 ዓመቷ ካርቶን ወተትና የለመደችውን ብስኩት ይያዙላት፣ አዲስ አገር አዲስ ምግብ ባንዴ አይሆንላትም።

ዛሬ ማታ የሚደውሉት ለሦስት ሰው ነው። ለባለ ጀልባው፣ ስለ ልጅ ጃኬት። ለሆቴሉ፣ ስለ አጎበርና ስለ ተጨማሪ አልጋ። ለጎንደሩ አስጎብኚ ደግሞ «ልጆች አሉኝ፣ ዓመተ ምሕረት ይቀንሱልኝ» ይበሉት። ከሳቀ ይቅጠሩት።